ከነፋሱ በፊት ሰላምታ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ እንዳትታዘቡኝ ነው፤ ምክንያቱም እንጀራዬ ባሕር ነው። ካልጋሪ ውስጥ፣ ቤልትላይን ከሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ነገ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያመጣ ለጦር መርከቦች እተነብያለሁ። ካልጋሪን ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ከዚህ ተነስቶ የቅርቡን ባሕር ለማየት የተራራ ሰንሰለት አቋርጦ ከንጋት እስከ ምሽት መንዳት ነው። ያም ቢሆን አትላንቲክ አይደለም፤ በሌላ በኩል ያለው ነው። የከተማችን ትልቁ ውሃ ቦው ወንዝ ሲሆን፣ እሱም ክረምት ሲገባ በረዶ ተከናንቦ ይተኛል።

"ሳታዪው እንዴት ታውቂዋለሽ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ አላየውም፤ ሳተላይቷ ታየዋለች። ከላይ ሆና የራዳር ጨረር ወደ ባሕሩ ትልካለች። ውሃው ለጥ ያለ ከሆነ ጨረሩ መስታወት እንደነካ ነጥሮ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ነፋስ ነክቶ ካጨማደደው ግን ከፊሉ ወደ እሷ ይመለሳል። ከሚመለሰው መጠን የነፋሱ ጉልበት ይሰላል። ሌላዋ ሳተላይት ደግሞ ጨረሯን ቀጥ አድርጋ ወደ ታች እየላከች የማዕበሉን ከፍታ ትለካለች። በአጭሩ ሥራችን ፊት አይቶ ሆድ ማወቅ ነው። እንግዳ ገና በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ በልቶ ይምጣ ሳይበላ ይምጣ ለይታ ለምታውቅ የሐበሻ ልጅ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የጨመረልኝ ሒሳቡን ብቻ ነው።

ደግሞም ጥንቁቅ ነኝ። ከቤት ስወጣ በሩን ቆልፌ ጥቂት ሄድ እልና መቆለፌን ለማረጋገጥ እመለሳለሁ። ይህ ጠባይ ለትዳር አይመችም ብለውኛል፤ ለሳተላይት መረጃ ግን እንደ እኔ ያለ ሰው በሻማ ነው የሚፈለገው። ሳተላይት ሁልጊዜ እውነት አትናገርም። ኃይለኛ ዝናብ ያሳስታታል፤ ደሴት ከማዕበል ጋር ይምታታባታል። መሃል ላይ ቁጭ ብሎ "ይህን እመኚ፣ ይህን አትመኚ" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። አንድ ቁጥር አገኛለሁ፣ በሌላ ሳተላይት አረጋግጣለሁ፣ ማረጋገጤን ደግሞ አረጋግጣለሁ።

እማዬ ሰንሪጅ ካለው ትልቁ ሞል ውስጥ ልብስ መሸጫ ነው የምትሠራው። የተቀጠርኩ ዕለት ሥራዬን ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "ነገን የሚያውቅ አንድ እግዜር ነው። ዝም ብለሽ ነገ እንዲህ ይሆናል አትበይ፤ 'ካለ' በይበት" አለችኝ። እኛም ከየትንበያው ጎን የመሳሳት ዕድሉን እንደምንጽፍ፣ ያም ያው 'ካለ' ማለት እንደሆነ ነገርኳት። በዚህ ተስማማን። እስከ ዛሬ የሰማሁት ምርጥ የሳይንስ ማብራሪያ የእማዬ ነው።

ችግሩ በማግስቱ ጀመረ። እማዬ ሺፍት ላይ ለአንዲት የሥራ ጓደኛዋ "ልጄ ለባሕር ኃይል የባሕር አየር ትናገራለች" አለቻት። እስከዚህ እውነት ነው። ወሬው ከሰንሪጅ ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ግን ተመንድጎ አገኘሁት። እሑድ ዕለት ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ አንዲት እናት ሁለት እጄን ይዘው፣ ልጃቸው ባሕር ኃይል መግባት እንደሚፈልግና እኔ አንድ ቃል ብናገርለት እንደሚበቃ ነገሩኝ። ወጣቶቹ "ኮማንደር" እያሉ መንገድ ለቀቁልኝ። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ሲሳሳት ማረም ነውር ይመስለኛል። አንገቴን ደፋሁ። አንገቴን መድፋቴም የትልቅ ሰው ትሕትና ተብሎ ተተረጎመ።

ከዚያ ወዲያ ስልኬ አላረፈም። ሠርግ ያለው፣ ቤት የሚቀይር፣ ጎማ የሚያስቀይር ሁሉ ኮል ያደርግልኛል። እትዬ አስካለ የሚባሉ የእማዬ ወዳጅ ቅዳሜ የልጃቸው የሠርግ ፎቶ ፓርክ ውስጥ እንደሚነሳ ነግረውኝ፣ በረዶ ይጥላል ወይስ አይጥልም ሲሉ ጠየቁኝ። የካልጋሪን እንደማላውቅ፣ የአትላንቲክን ከፈለጉ ግን ልነግራቸው እንደምችል በአክብሮት መለስኩ። "ይሁን እስቲ፣ እሱንም ንገሪኝ" አሉ። መሃሉ ጸጥ ያለ፣ ሰሜኑ ሞገደኛ መሆኑን ነገርኳቸው። አመስግነው ዘጉ። ቅዳሜ ዕለት እንቁላል የሚያክል በረዶ ወርዶ ከተማውን ቀጠቀጠው። ሙሽራይቱ በመኪና ውስጥ ፎቶ ተነሳች። እማዬ ሞሉ ደጃፍ ፓርክ ያደረገቻት መኪናም ጣሪያዋ እንደ ተደበደበ ድስት ጎደጎደ። እትዬ አስካለ ግን አልተቀየሙኝም። እንዲያውም ለሰው ሁሉ፣ "እሷስ ነግራኝ ነበር፣ ሰሜኑ ሞገደኛ ነው ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ" ይላሉ አሉ።

ይህን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ማዕበል ልክ እንዲህ ነው። ነፋሱ እዚያው እየነፈሰ የሚያስነሳውን ማዕበል ማንም ያየዋል። ሌላው ግን ብዙ ርቀት ላይ፣ አንድ የማታውቂው ወጀብ ያስነሳውና ወጀቡ ሲበተን እሱ ጉዞውን የሚቀጥለው ነው። ሰማይ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ድንገት መጥቶ መርከቡን ያነሳዋል። እንደ ወሬ ማለት ነው። ሰንሪጅ ላይ የተናገርሽው ሌላ ሰፈር፣ ኦግደን ላይ፣ ፀሐይ እየሞቅሽ ሳለ ይደርስሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ።

በሥራ ቦታችን ትንበያ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ትንበያውን በመስመር ለመርከቧ መኮንኖች በድምፅ ማስረዳት ሌላ ነገር ነው። ይህን ብሪፊንግ ይሉታል። ሥርዓቱ ጠንካራ ነው፦ ማስጠንቀቂያ ካለ እሱ፣ ቀጥሎ ነፋስ፣ ቀጥሎ ማዕበል፣ ቀጥሎ ዓይን የሚያይበት ርቀት፤ አለቀ። ትርፍ ቃል የለም። ብሪፊንግ መስጠት ያልተፈቀደለት ሰው ስሙ ከትንበያው ሥር አይወጣም። የጻፍኩትን ሌሎች ያነቡልኝ ነበር፤ ከሥሩም የእነሱ ስም ነበር የሚወጣው። አልቀየምም ነበር። ውሸት ነው፣ እቀየም ነበር። የሠራሁትን ነገር ከሥሩ ስሜን ጽፌ "ይህ የእኔ ነው" ማለት እፈልግ ነበር፤ ይህን ለማንም ሳልናገር በሆዴ ይዤው ዞርኩ።

አለቃዬ ማርጎ አትላንቲክ ዳር ተወልዳ ያደገች የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። ስትስቅ የአራተኛው ፎቅ መስኮት ይሰማዋል። እኔ ያደግኩበት ቤት ደግሞ የጨዋ ልጅ ድምፅ ከመጋረጃ አያልፍም የሚባልበት ነው። እማዬ ለእንግዳ ስታሞግሰኝ፣ "ልጄ እኮ ቤት ውስጥ መኖሯም አይታወቅ" ትል ነበር። ቤት ውስጥ ሙገሳ የነበረው ኦፊስ ሲገባ ጉድለት ሆነ።

የመጀመሪያ ብሪፊንጌ ቀን ሁሉንም በትክክል፣ በቅደም ተከተሉ ተናገርኩ። ስጨርስ የመርከቧ መኮንን "ካልጋሪ፣ መስመሩ ተቋርጧል?" አለ። "አልተቋረጠም" አልኩ። "ተቋርጧል" አለና ዘጋው። እንደገና ደወሉ። ማርጎ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ እንድል በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ ከንፈሬ እስኪነካው ተጠጋሁ። መኮንኑ ጥቂት አዳመጠና፣ ንግግር እንደማይሰማ፣ መስመሩ ውስጥ ነፋስ ብቻ እንዳለ አስታወቀ። ነፋሱ እኔ ነበርኩ።

ማርጎ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ኦፊሱ ውስጥ እንደ እኔ የሳተላይት መረጃ የሚያነብ ሰው እንደሌለ፣ ነገር ግን መርከብ በሹክሹክታ እንደማይነዳ ነገረችኝ። አንድ ዕድል ብቻ ቀርቶልኛል። ካልሆነ ብሪፊንጉ ለሌላ ሰው ይሰጥና እኔ ከጀርባ ሆኜ መጻፌን እቀጥላለሁ፤ ስሜም ከጀርባ ይቀራል ማለት ነው።

እማዬ ይህን ስትሰማ አንዴ እንኳ አላዘነችልኝም። ወዲያው ስልኳን አንስታ ካልጋሪ ውስጥ ወደሚኖሩት ብቸኛ የባሕር ኃይል ሰው ደወለች።

ጋሼ ተኪኤ ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛውን ከእኛ ይልቅ አጥርተው የሚናገሩት በአማርኛ ስለተማሩ ነው። ኦግደን ውስጥ ከባቡር ማዞሪያው አጠገብ ይኖራሉ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል እንደነበሩ የማያውቅ ሐበሻ ካልጋሪ ውስጥ የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም አሁን ፈቅደውልኝ የምጽፈው፣ በባሕር ኃይሉ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ትልቁን ጡሩምባ ይነፉ እንደነበር ነው። መርከብ ላይ የወጡት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ገመዱ ከወደቡ ሳይፈታ አስመለሳቸው።

"ስለ ባሕር አትጠይቂኝ፣ ጓለይ" አሉኝ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። "ስለ ድምፅ ግን እኔ ዘንድ መምጣትሽ ደግ ነው። ድምፅ ከጉሮሮ አይደለም፤ ከዚህ ነው" ብለው ቀበቷቸውን መታ መታ አደረጉ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ባቡር ማዞሪያው አጥር ወሰዱኝ። እሳቸው እንደ ቁመታቸው የሚረዝም ካፖርት ለብሰው ሜዳውን ተሻግረው ቆሙና በእጃቸው "ጀምሪ" አሉኝ። በመሃላችን ነፋስ አለ፣ ከጎናችን ፉርጎ ከፉርጎ እየተጋጨ ይገጣጠማል። "ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ" አልኩ። እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አደረጉ። ደገምኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ባቡሩ እስኪያልፍ ብዬ ዝም ስል፣ ባቡሩ ነው ዝም ማለት ያለበት የሚል መልእክት ይዘው ሜዳውን በሙሉ ተሻግረው መጡ፤ ነግረውኝም ተመልሰው ሄዱ።

ሦስተኛው ባቡር ላይ አንድ ነገር ሆነልኝ። "ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ፣ ማዕበል አራት ሜትር" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ ለማየት ዞርኩ። የእኔ ነበር። ውሻዋን የምታንሸራሽር አንዲት ሴት ቆማ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ጋሼ ተኪኤ ከማዶ ባርኔጣቸውን አንስተው "ኔቪ" አሏት። ሴትየዋ ዙሪያዋን ቃኘች። ሣር አለ፣ ሐዲድ አለ፣ አሮጌ ፉርጎ አለ። ውሻዋን ሳብ አድርጋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ በስልክ እንለማመድ ነበር። እሳቸው የመርከብ አዛዥ ይሆናሉ፣ እኔ ካልጋሪን እሆናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስልኩን ሲያነሱ ወዲያው፣ "ጋሼ፣ ነፋስ ከደቡብ…" ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

"ነፋሱ ይቆይ" አሉ። "እንዴት ዋልሽ?"

"መርከብ ላይ እኮ ሰላምታ የለም፣ ጋሼ። ሥርዓቱ አይፈቅድም።"

"የሚሰጥሙት ለዚያ ነው" አሉኝ።

ምን ላድርግ? የአባቴን ዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው። እንዴት ዋሉ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ የባለቤትዎ የእትዬ ለተብርሃን ደም ግፊት እንዴት ሆነ፣ ኤድመንተን ያሉት ልጆች ደውለዋል ወይ እላለሁ። እሳቸው እያንዳንዱን በየተራ ይመልሳሉ፤ በመልሱ መጨረሻ ሁለታችንም እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን፤ ከዚያ ነፋሱ ይነፍሳል። ጮክ ብዬ፣ ከሆዴ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የሚቆሙ ሰዎች ይለምዱኝ ጀመር። ድምፄ በየቀኑ እየወፈረ፣ እየጠራ ሄደ። አንድ ነገር ግን አላስተዋልኩም። እግር የለመደውን መንገድ ዓይን ሳያየው ይሄደዋል፤ አፍም እንደዚያው ነው።

የመጨረሻው ዕድሌ ቀን ደረሰ። መርከቧ (ስሟን እንዳልናገር ስለተከለከልኩ መርከቧ እያልኩ እቀጥላለሁ) በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መሃል ባሕር ላይ ነዳጅ ልትቀዳ ነው። ነዳጅ አቀባይዋ መርከብ ጎን ለጎን እየሄደች በቧንቧ ታቀብላታለች። ሁለት ሕንፃ ጎን ለጎን እየሮጠ ሻይ ሲቀዳዳ አስቡት። ባሕሩ ጸጥ ካላለ ቧንቧው ይበጠሳል፤ መርከቦቹም ሊጋጩ፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። የኮምፒውተሩ ስሌት ግን ነገ ቀኑን ሙሉ ጸጥታ ነው ይላል። ቀላል ቀን ደረሰኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ የሳተላይቷ አዲስ መረጃ ገባ። ከመርከቧ ብዙ ርቆ አንድ ወጀብ ነበር፤ ስሌቱም ያውቀዋል፣ ግን ንቆታል። ሳተላይቷ በወጀቡ ላይ ስታልፍ የለካችው የማዕበል ከፍታ ስሌቱ ከሚለው በእጅጉ ይበልጣል። ዝናብ አሳስቷት ይሆን ብዬ አየሁ፤ አላሳሳታትም። ነፋስ የምትለካዋን ሌላዋን ሳተላይት ጠየቅኩ፤ እሷም ያንኑ መሰከረች። አረጋገጥኩ፤ ማረጋገጤንም አረጋገጥኩ። ወጀቡ ወደ መርከቧ አይመጣም። ያስነሳው ማዕበል ግን መንገድ ጀምሯል፣ ነገ ቀትር ላይ ይደርሳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ልክ እንደ ሰንሪጅ ወሬ።

ማርጎን ጠርቼ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ስሌቱ ጸጥታ ነው እንደሚል አስታወሰችኝና፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለችኝ።

"ከቀትር በፊት ይጨርሱ እላለሁ።"

"እንግዲያው እንዲሰሙሽ አድርገሽ ንገሪያቸው" አለችኝ።

መስመሩ ተከፈተ። ጉዳዩ ነዳጅ ስለሆነ የመርከቧ አዛዥ ራሱ ነበር የቀረበው። "ካልጋሪ፣ እንሰማለን" አለ፤ ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ጎርናና፣ የሚከበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። የባቡሩን አጥር አሰብኩ። ከሆዴ ተነፈስኩና፣ ጮክ ብዬ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፦

"እንዴት ዋላችሁ?" አልኩ።

 ማርጎ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ሰላምታ እንደ ቁልቁለት ነው፤ አንዴ ከጀመሩት መሃሉ ላይ መቆሚያ የለውም። "ደህና ናችሁ ወይ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆችስ? እናትዎስ?" ሁሉም ወጣ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጋሼ ተኪኤ እንዳስለመዱኝ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ መልስ እጠብቃለሁ። መልስ የለም። በእኛ ባህል መልስ ካልመጣ የታመመ ሰው አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ በሐዘኔታ፣ "ሁላችሁም ደህና?" ብዬ ደገምኩ።

"…ደህና ነን" አለ አዛዡ በመጨረሻ፣ ጠመንጃ እንደተደገነበት ሰው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ይኼኛው በአማርኛ ነበር።

ማርጎ ግንባሯን በመዳፏ ይዛ ጠረጴዛውን ታያለች። ዓይኔ ሲገለጥ ያደረግኩት ሁሉ ታየኝ፤ ደሜ ከእግሬ እስከ ጆሮዬ ነደደ። ግን አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ውርደት መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወለል አለው፤ ይቆሙበታል። ከዚህ በታች የምወድቅበት ስላልነበረ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ማስጠንቀቂያውን ተናገርኩ። ነፋሱን ተናገርኩ። ነገ ቀትር ላይ ከሩቅ የሚመጣ ማዕበል እንደሚደርስባቸው፣ ነዳጁን ከጠዋት እንዲቀዱ ነገርኳቸው። ከኦፊሱ ማዶ ያሉ ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። ማንም "አልሰማንም" አላለም።

አዛዡ "ባሕሩ እንደ ጠረጴዛ ነው" አለ። "ለነገም ሰማዩ ጥርት ይላል ተብያለሁ። የሁለት መርከብ ሰው ፕሮግራም ልቀይር ነው። እርግጠኛ ነሽ?"

ይህ ጥያቄ ለእኔ ዓይነት ሰው ወጥመድ ነው። በሬን መቆለፌን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን እማዬ ትዝ አለችኝ።

"ከአሥር ዘጠኙን እጅ እርግጠኛ ነኝ" አልኩት። "አሥረኛው የእግዜር ነው። እኔ መርከቧ ላይ ብሆን ግን ከቀትር በፊት እቀዳ ነበር።"

"ተሰምቷል" አለ። መስመሩ ተዘጋ።

 ማርጎ ነገ እንነጋገራለን ብቻ ብላ ካፖርቷን ለበሰች። ዝምታዋ ከሳቋ ይልቅ መስኮቱን ነቀነቀው። ቤት ሄጄ ለእማዬ ስነግራት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "ሰላም ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?" አለችኝና እራት አቀረበች። አልበላሁም። ያሳሰበኝ ስሜ ብቻ አልነበረም። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ቢውል፣ በእኔ ቃል ሁለት መርከብ በከንቱ ተጣድፏል ማለት ነው፤ ከእንግዲህ እነዚያ ሰዎች ሳተላይቷንም አያምኗትም።

በማግስቱ ሥራ የምሠራ ለመምሰል ስሞክር ዋልኩ። ሳተላይት እንደ ታክሲ ተጠርታ አትመጣም፤ በራሷ ሰዓት፣ በራሷ መንገድ ነው የምታልፈው። ኮምፒውተሬ ላይ መርከቧ ያለችበትን ሰማያዊ አራት ማዕዘን አፍጥጬ ባየውም ባዶ ነው። በመጨረሻ ከሰዓት በኋላ ማርጎ ከክፍሏ አንድ ወረቀት ይዛ ወጣች። መሃል ቆመች፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ አነበበችው።

መርከቧ ነዳጇን ከጠዋት ቀድታ ጨርሳለች። የመጨረሻው ቧንቧ ከተጠቀለለ በኋላ፣ ፀሐይ እየበራ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ማዕበሉ በተባለው ሰዓት ደርሷል፤ ኩሽናው ውስጥ የተቀመጠ ሳህን ሁሉ ወርዷል፤ ሰው ግን አልተጎዳም። ማርጎ እዚህ ላይ ቆም ብላ ጉሮሮዋን ጠረገችና የቀረውን አነበበች።

"ስለ ትናንቱ ጥያቄሽ፤ ያን ጊዜ ሳልመልስ በመቅረቴ ይቅርታ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ደህና ናት። ልጆቹ ደህና ናቸው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ከክረምቱ ወዲህ ብሶባታል፤ ትናንት በዚሁ ምክንያት ደወልኩላት፣ ከደወልኩ ቆይቼ ነበር። የእናንተስ ቤት እንዴት ነው?"

 ማርጎ ሳቀች፤ መስኮቱም፣ እኔም፣ ምናልባት ቤልትላይንም ተሰማን። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና፣ የዛሬውን ትንበያ ስጨርስ ከሥሩ ስሜን መጻፍ እንዳልረሳ ነገረችኝ። ጻፍኩት። ፊደሉ ልክ መሆኑን አረጋገጥኩ። ማረጋገጤንም አረጋገጥኩ። ለማረጋገጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ደጋግሜ ማየት ስለፈለግኩ ነው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እንደደረስኩ ለጋሼ ተኪኤ ደወልኩ። ስልኩን ሲያነሱ፣ "ጋሼ፣ ተሳካ…" ብዬ ገና ስጀምር፣ "ይቆይ" አሉ። "እንዴት ዋልሽ፣ ጓለይ?" አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። እኔ ደም ግፊቱን ጠየቅኩ፣ ኤድመንተንን ጠየቅኩ፣ ሁሉንም በየተራው አመሰገንን። ከዚያ ነገርኳቸው።  ከዚያኛው ጫፍ አንድ ረጅም፣ ወፍራም የጡሩምባ ድምፅ መጣ፤ ጡሩምባ ስለሌላቸው በአፋቸው ነበር። ከሆዳቸው።

ወሬውማ እንደ ልማዱ ከሰንሪጅ ተነሳ። እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስደርስ በእኔ ቃል የዳኑት መርከቦች ብዛት ወደ መቶ ደርሷል። ኮማንደርነቴም ቀርቶ አድሚራል ሆኛለሁ። ይህን ሁሉ እንደ ወትሮዬ አንገቴን ደፍቼ አሳለፍኩት፤ እውነቱን ለመናገር በዚያን ቀን ያን ያህል አልደፋሁትም። ቅዳሴው ሲያልቅ እትዬ አስካለ ሴቶቹን አስከትለው ከበቡኝ። ጉዳዩ የበረዶ መስሎኝ ነበር። ለካ የአዛዡ እናት ጉልበት ነው። ሴቶቹ ተነጋግረዋል፣ ለቄሱም ተነግሯል፤ ለጸሎቱ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"የክርስትና ስማቸው ማን ነው?" አሉኝ።

ሰኞ መስመሩ ተከፈተ። "ካልጋሪ፣ እንሰማለን" አለ አዛዡ። ማርጎ ወደ እኔ አየች። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር፣ ነፋሱም መጠበቅ ይችል ነበር። ከሆዴ ተነፈስኩና ጮክ ብዬ ጠየቅኩት።